30 ሰከንድ ስጡኝ

አሁንስ በዛ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስተወው ከረምኩ፣ ዛሬ ግን እጽፈዋለሁ።

ትናንት ለአንድ ጓደኛዬ ዘፈን ላክኩለት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ12 ላይ ነው የላክኩት። መልሱም የመጣው 3 ሰዓት ከ12 ላይ ነው። «አሪፍ ናት!» ብሎ ሦስት የእሳት ምልክት ደርድሮበታል። ዘፈኗ 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ናት። እስቲ ሒሳቡን አስረዱኝ። በዓይኑ ነው የሰማት?

ልጁ ውሸታም እንዳይመስላችሁ። ብር ቢበደር በቀኑ የሚመልስ ሰው ነው። ቀጠሮ ላይ ከኔ ቀድሞ ይገኛል። ሌላ ነገር ላይ ልዋሽ ቢል ፊቱ ያስታውቅበታል። ዘፈን ላይ ግን ቅንጣት አይጨንቀውም። እሱ ብቻም አይደለም፣ ሁላችሁም እንደዚያ ናችሁ። አንድ ሰው «ይቺን ስሟት» ብሎ ሲልክላችሁ ሊንኩን ሳትነኩ ልብ ትጫናላችሁ። ትንሽ ጨዋ የሆነው ደግሞ «ቆይ፣ ማታ ተረጋግቼ እሰማታለሁ» ይላል። ያ ማታ እስካሁን አልመሸም።

ታዋቂ ዘፈን ቢሆን እኮ አልናደድም ነበር። እሱ የትም ስለሚከፈት ወዳችሁም ተገዳችሁም ትሰሙታላችሁ። እኔ የምልከው ግን ኢንዲ ነው። ከጀርባው ትልቅ አሳታሚ የሌለው፣ ማስታወቂያ የማይሠራለት፣ ሰውየው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ሽፋኑንም ራሱ ሥሎ ያወጣው ሥራ። እንዲህ ዓይነት ዘፈን እግር የለውም። ሰው ለሰው ካልተቀባበለው ባለበት ይቀራል።

የትናንቷን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ መኝታ ክፍሏ ውስጥ የቀረጸቻት ናት። መጀመሪያ በር ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ወንበር ሲጥ ይላል። ልጅቷ ትንሽ ትስላለች። ጊታሩ ይጀምራል፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ አንዱን ክር ስታው። 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ላይ ቤዙ (ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር) ይገባል። እስከዚያ ድረስ ተንጠልጥላችሁ እንደነበር የሚገባችሁ ያኔ ነው፣ እግራችሁ መሬት ሲነካ።

ይሄን ነው እንግዲህ በዜሮ ሰከንድ «አሪፍ ናት» የተባልኩት።

እንዴት እንዳገኘኋት ብታውቁ ደግሞ ታዝኑልኛላችሁ። አንድ አልበም ላይ ከበሮ መቺውን ወደድኩት። ስሙን ፈልጌ ሌላ ምን ላይ እንደተጫወተ አየሁ። እዚያ ደግሞ ሚክሲንጉን የሠራው፣ ማለትም ድምፆቹን አመጣጥኖ ያዋሃደው ሰው ማረከኝ። እሱን ስከተል ባንድካምፕ በሚባለው፣ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ራሳቸው በሚሸጡበት ድረ ገጽ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ የገዛው ሥራ ጋ ደረስኩ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ባንድካምፕ ላይ በየአልበሙ ገጽ የገዢዎቹ ትንንሽ ፎቶ ተደርድሯል። አንዱን ስትነኩት ሰውየው የገዛው ሁሉ ይዘረገፋል። የማታውቁት ሰው ቤት ገብታችሁ መደርደሪያውን እንደማየት ነው። እኔ ያን ሌሊት በአንድ የማላውቀው ሰው መደርደሪያ ላይ ነው ያነጋሁት። አርባ ምናምን ነገር ከፈትኩ። ሠላሳው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይረባም። አንዱማ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ብቻ ነው፣ 22 ደቂቃ። ምናልባት ይቀየር ይሆናል ብዬ እሱንም እስከ ግማሽ ሰማሁት። አልተቀየረም። ይቺ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው የመጣችው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤዙ ሲገባ ከተኛሁበት ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። የሚያወራኝ ሰው አጣሁ።

እና ይሄን አንጥሬ ሳቀርብላችሁ የእሳት ምልክት?

አሁን ለምን 30 ሰከንድ እንዳልኩ ስሙኝ። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ አፕ ላይ አንድ ዘፈን «ተሰማ» ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ጓደኛዬ በስንት ልመና ሊንክ ከፈተ ቢባል 20ኛው ሰከንድ ላይ ይዘላል። እሱ ልቡ ውስጥ «ሰምቼላታለሁ» ይላል። ለልጅቷ ግን ምንም አልተቆጠረላትም። ገና ሳሏን ሳትጨርስ ጥሏት ሄዷል።

ይባስ ብሎ በ2024 መጀመሪያ ሌላ ደንብ መጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ያዙልኝ)። አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ለቀረጻው የሚከፈል ነገር የለም። ኩባንያው ሲያስረዳ፣ እነዚህ ዘፈኖች የሚያገኙት በአማካይ በወር 3 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ እሷም መሐል ላይ ስለምትቀር ለባለቤቱ አትደርስም አለ። ሒሳቡ ልክ ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሳንቲም ተሰብስቦ የሚሄደው ሺህ ላለፉት መሆኑ ነው። ላለው ይጨመርለታል። ለአድማጭ ደግሞ ስንት እንደቀረ እንኳ አይታየውም፣ «ከ1,000 በታች» የሚል ምልክት ብቻ ነው የሚወጣው። 999 ይሁን 9 አታውቁም።

መጀመሪያ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ዘዴ ፈጥሬ ነበር። ስተኛ እየደጋገመ እንዲጫወት ልተወውና በሁለት ሳምንት ሺዋን ልሙላላት አልኩ። ኋላ ሳነብ ለካ አስበውበታል። 1,000 ጊዜ መሰማት ብቻውን አይበቃም፣ የሰሚዎቹም ቁጥር ከአንድ መጠን ማለፍ አለበት። መጠኑን ደግሞ አይናገሩም፣ አጭበርባሪ እንዳይጠቀምበት። አጭበርባሪው እኔ ነኝ እንግዲህ። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ እኔ ብቻዬን እስክሸብት ብሰማት ዋጋ የለውም። ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ታስፈልጋላችሁ! በየግሩፑ ዓይኔን በጨው አጥቤ የምለምነው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

«እኔ እኮ በየወሩ እከፍላለሁ» የሚል አይጠፋም። ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቹ አፖች ላይ የሁላችንም ክፍያ አንድ ቋት ይገባል። ከዚያ ማን ከጠቅላላው ስንት እጅ ተሰማ ተብሎ ይከፋፈላል። ወሩን ሙሉ ያቺን ልጅ ብቻ ብሰማ እንኳ ብሬ በአብዛኛው የሚሄደው ሰምቻቸው ለማላውቅ ትልልቆች ነው። ሳውንድክላውድ የሚባለው ሌላ የሙዚቃ አፕ በ2021 የአድማጩ ገንዘብ ለሰማው ሰው እንዲደርስ የሚያደርግ አሠራር ለነፃ ሙዚቀኞች ጀምሯል። ባንድካምፕ ደግሞ እንደ ሱቅ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከቲሸርትና ከሸክላ 10 በመቶ ይወስዳል። ከማርች 2020 ወዲህም በተመረጡ ዓርቦች ያንኑ ድርሻውን ይተዋል። እኔ እናንተን ግዙ አላልኩም። አልበም ግዙ ብል ማን ሊያናግረኝ! 30 ሰከንድ ነው ያልኩት።

አንጀቴን የምታሳርረኝ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሰሞኑን ዘፈን ላከችልኝ። «አፑ ያመጣልኝን ስማ፣ ጉድ ትላለህ» ብላ። ገና ሲጀምር አወቅኩት። ዝም ብዬ ወደ ላይ ስክሮል አደረግኩ፣ አደረግኩ፣ አደረግኩ። ከሰባት ወር በፊት እኔ ልኬላታለሁ። ከሥሩ የሷ ልብ አለበት። ፎቶ አንሥቼ ላክኩላት። «እንዴ! አንተ ልከህልኝ ነበር?» አለች። ማሽኑ ሲያመጣው ወርቅ፣ እኔ ሳመጣው ጨርቅ።

ደግሞ ማሽኑ በነፃ የሚመክር መስሏት! ስፖቲፋይ ዲስከቨሪ ሞድ የሚባል ነገር አለው። ሙዚቀኛው ዘፈኑን ያስመዘግባል፣ ሥርዓቱም አፑ ራሱ መርጦ በሚያጫውትባቸው፣ ሬዲዮና አውቶፕሌይ በሚባሉት በኩል ለሰው የመድረስ ዕድሉን ከፍ ያደርግለታል። በምላሹ በዚያ በኩል ሲሰማ ከሚያገኘው ክፍያ ላይ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። እኔ ሰባት ወር ቀድሜ በዜሮ በመቶ ነው ያደረስኩት። ምስጋናውን ማን ወሰደ?

አጠገባቸው ሆኜ ላሰማቸው ብዬም ሞክሬያለሁ። እሱ ይብሳል። አንድ ቀን ተሰብስበን ሳለ ስፒከር ላይ ከፈትኳት። ወንበሩ ሲጥ አለ። «ማነው የሚስለው?» ተባለ። ዝም በሉ፣ ይመጣል አልኩ። እንዲህ ስሆን ዘፈን አይደለም የምሰማው፣ የሰው ፊት ነው የማነበው። 1 ከ30 ላይ ጉሮሮዬ ደረቀ። 1 ከ45። አንዱን በዓይኔ ጠቀስኩት፣ አሁን ነው ለማለት። 1 ከ50 ላይ ያው የጠቀስኩት ሰው፣ «እኔ የምለው፣ ቻርጀሬን ማን ወሰደው?» አለ። ሁሉም ቻርጀር ፍለጋ ተነሣ። ቤዙ ቻርጀሩ ላይ ገባ።

«ምን አስቸኮለህ፣ ዘፈኑ የት ይሄዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ይሄዳላ! ማይስፔስ የሚባለውን የድሮ ማኅበራዊ ድረ ገጽ አስታውሱ። በአንድ ወቅት ስም የሌለው ሙዚቀኛ ሁሉ ሥራውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነበር። ሰርቨር ሲያዛውሩ ከ2016 በፊት የተጫነው ሙዚቃ መጥፋቱ በ2019 ታወቀ። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን፣ የ14 ሚሊዮን ሙዚቀኞች ሥራ ነው ተባለ። ኋላ ላይ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት 490,000 የሚሆኑ ዘፈኖችን መልሶ አወጣ። ከየት አመጣቸው? ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ለጥናት ብለው ገልብጠው ያስቀመጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሌላ ሰው እጅ የገባው ተረፈ። ከጠፋው ውስጥ ደግሞ ስንቱ «ቆይ እሰማዋለሁ» ተብሎ የቆየ እንደነበር አስቡት።

ዛሬ ጠዋት ለዚያ ለባለ እሳቱ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ በድምፅ ላክኩለት። 4 ደቂቃ ተናገርኩ። አይሰማውም ብዬ ነበር፣ ይሄንንስ ሰማው። የመለሰልኝ ግን ፎቶ ነው። እሱ በተለያየ ጊዜ የላከልኝ ሊንኮች፣ አምስት። በእያንዳንዱ ሥር የኔ መልስ አለ። «ምርጥ ነው!» «ወድጄዋለሁ።» አንዱ ላይማ የእሳት ምልክት አድርጌያለሁ።

አንዱንም አልከፈትኩም ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ የኔ ይለያል ልል ጀምሬ አጠፋሁት።

ተስማማን። እኔ ከሱ አንዱን፣ እሱም የኔን፣ እስከ መጨረሻ። የሱ ምርጫ 7 ደቂቃ ሙሉ የሚያላዝን ሲንተሳይዘር ነው። 15ኛው ሰከንድ ላይ ጣቴ በራሱ ጊዜ ተነሣ። እኔ ነኝ እንግዲህ! እጄን ብብቴ ሥር ወሽቄ ጨረስኩት። አልወደድኩትም። አራተኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ጭብጨባ አለች፣ እሷ ብቻ ትንሽ ደስ ትላለች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሱ ጻፈልኝ። «ጨረስኳት። መጨረሻ ላይ ያ ወንበር ድጋሚ ሲጥ ይላል አይደል? ልጅቷ ተነሥታ ስትሄድ ነው መሰለኝ።»

የምን ወንበር? መጨረሻ ላይ ወንበር የለም። እኔ ያቺን ዘፈን ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ ጊታሩ ሲያቆም ወዲያው ወደ መጀመሪያዋ እየመለስኩ።

«አዎ፣ እሷ ቦታ አሪፍ ናት» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫዬን ፍለጋ ተነሣሁ።