ስንት ገዛኸው?

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ዓሣ እስኪቀርብልን ስንጠብቅ፣ አዲሱን ቢላዋዬን ከሰገባው መዝዤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቢላዋውን በእጁ ሳይነካ፣ ለምን እንደተሠራም ሳይጠይቅ፣ «ስንት ገዛኸው?» አለኝ።

ጥያቄ ይምሰል እንጂ ወጥመድ ነው። ዋጋውን ከፍ አድርገህ ብትናገር «ተበልተሃል» ትባላለህ። ዝቅ ብታደርገው «ይሄማ አስመስለው የሠሩት ነው፤ ዋናው በዚህ ዋጋ አይገኝም» ትባላለህ። ስጦታ ነው ብትል ደግሞ የሰጠህ ሰው ስንት እንደገዛው ትጠየቃለህ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ የሟች ልጅ የለበሰውን ጥቁር ኮት በሁለት ጣቱ እያሸ ዋጋውን የጠየቀ ሰው አይቻለሁ። ልጁ እንባውን እየጠረገ መለሰለት። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ «አስወድደውብሃል» አለው። ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ለሟቹ እንኳ ያን ያህል አላዘነም።

እኔም ይህን ስለማውቅ ዋሸሁ። 9,000 ብር የገዛሁትን ቢላዋ ለሁለት ቆርጬ «4,500» አልኩ። ቢላዋው እስከ ዛሬ ከቆረጠው ነገር ሁሉ በደንብ የተቆረጠው ይኸው ዋጋው ነው።

«ተበልተሃል» አለኝ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አማቼ ብረቱን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ወደ ጆሮው አስጠጋው። የክንዱን ፀጉር ላጨበት። «ብረቱ የቻይና ነው» ሲል ፈረደ። ጎረቤታችን ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ግራና ቀኙን ካገላበጡት በኋላ «ለበግ ያንሳል፤ ለሽንኩርት ይበዛል» አሉ። ቡሽክራፍት የሚባለውን ነገር ላስረዳ ሞከርኩ። ፈረንጆች ጓዝ ከማብዛት አንድ ጥሩ ቢላዋ ይዘው ጫካ ይገባሉ፤ በእሱ ማገዶ ይፈልጣሉ፣ ካስማ ይጠርባሉ፣ እሳት ያነዳሉ፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ጥበብ ይማሩታል አልኩ። ጋሼ በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ «እናቴ በየቀኑ የምትሠራውን ነው የምትነግረኝ፤ ለዚህ ደግሞ ይከፈላል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የእኔ ጫካ ታቦር ተራራ ነው፤ እሱንም ወጥቼ፣ ጀንበር ስትጠልቅ አይቼ፣ በባጃጅ ቤቴ እገባለሁ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ሰው ግን በኩበት ለቃሚው ላይ ያለ አግባብ ይስቃል። ለቃሚው ቢያንስ ቅርጫት ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሜዳውን ዞሯል። የእኛ ዋጋ ገማች ግን ወንበሩ ላይ ተደግፎ ኩበቱ ርጥብ ነው፣ ላሟም ከስታለች ይልሃል።

አማቼን ደግሞ ከድሮም አውቀዋለሁ። ከ12 ዓመት በፊት ቤቴን ሠርቼ ስጨርስ ለምርቃቱ ተጠርቶ መጣ። ሽማግሌዎች ሊመርቁ በቆሙበት የግቢውን በር በጣቱ መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ አንኳኳና «ላሜራው ስስ ነው» አለ። ያ ቀን ለእኔ አላለፈም። እስከ ዛሬ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ እኔ የምሰማው «ስስ ነው፣ ስስ ነው» የሚል ድምፅ ነው። በሩ ግን ይኸው ቆሟል። አንድ ባጃጅ በኋላ ማርሽ ገጭቶት እንኳ የተሰበረው የባጃጁ መብራት ነው። ይህን ለአማቼ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ስለቱ ላይ የተጻፈው «ዲ2» የሀገር ስም አይደለም። ሌላ ብረት የሚቆርጡ የፋብሪካ መሣሪያዎች የሚሠሩበት የብረት ዓይነት ነው። 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው። የማይዝግ ለመባል 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይበቃልና ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አይዝግም ብሎ ይምላል። ነገር ግን ካርቦኑ ከክሮሚየሙ ግማሽ ያህሉን ይዞ ጠጣር ቅንጣት ያደርገዋል፤ ዝገቱን የሚመክተው የተረፈው ነው። ሎሚ የነካውን ሳትጠርገው ብታሳድረው ጠዋት ነጠብጣብ አውጥቶ ታገኘዋለህ። ቶሎ አይዶለድምም፤ አንዴ ከዶለደመ ግን በመንገድ ላይ ባገኘኸው ድንጋይ አይሳልልህም፤ የአልማዝ መሳያ ቢኖር ይመረጣል። ጫካ የምትገባው እንግዲህ አልማዝ ይዘህ ነው።

አሠራሩን አልነቅፍም። ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ጀርባው ጠርዙ ሹል ስለሆነ የእሳት መጫሪያውን ዘንግ ስትፍቅበት ብልጭታው ይዘንባል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ግንድ ላይ አስቀምጠህ በፍልጥ ብትደበድበው አይበገርም። ሽንኩርት ላይ ሲደርስ ግን አይከትፍም፤ ይፈልጣል። ጋሼ በአንድ እይታ የተናገሩትን እኔ በ9,000 ብር ተማርኩት። በቢላዋ ሥራዋ የታወቀችው የስዊድኗ ሞራ ከተማ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ርካሽ ቢላዋዎች ታወጣለች፤ አብዛኛውን የጫካ ሥራ እነሱም ይሠሩታል። እውነቱን ለመናገር፣ ተበልቻለሁ። አማቼ ፊት ግን ይህ ከአፌ አይወጣም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ቤታችን ሥጋ የሚቆረጥበት ካራ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ ዕድሜውን በሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲለጠጥና ሲመለስ የኖረ ብረት ነው። ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ ካራ ያደርገዋል። ካርቦኑን በቁጥር አልጻፈበትም እንጂ ብረቱ መቼ እንደሚነከር በዓይኑ፣ በእሳቱ ቀለም ያውቀዋል። በዲ2 ላይ ሳልከራከር 9,000 ብር የከፈልኩት ሰውዬ፣ ያን ቀጥቃጭ «50 ብር ካልቀነስክ» ብዬ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሜዋለሁ። ይህም ያንሰዋልና ቡዳ እንለዋለን! የሠራውን ካራ ይዞ ሥጋ እየቆረጡ ከሠሪው ዓይን ይሰውረን ማለት፣ በሁለት ቢላዋ መብላት እንግዲህ ይህ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁን የሰማው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እኛ መንደር አልደረሰም። የባሕር ማዶው ቀጥቃጭ ግን ስሙን ስለቱ ላይ ያትማል፤ እኛም ስሙን እያየን ዋጋ እንጨምርለታለን።

ዓሣ የሚገፈው ልጅ በዚህ መሐል ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣችንን ይዞ መጣ። የእሱ ቢላዋ ብዙ ከመሳሉ የተነሳ ወደ ወረቀት የተጠጋ ነው። የእኔን አንስቶ በመዳፉ መዘነው፤ በአንድ ዓሣ ጎን ሞከረው፤ ሥጋው ተቦጫጨቀ። «ወፍራም ነው፤ ለእንጨት ይሆናል» ብሎ ጠርጎ መለሰልኝ። ከዚያ በራሱ ቢላዋ ቆዳውን እንደ ካልሲ አወለቀው። በዚያ ሥፍራ ከነበርነው ሁሉ ዋጋ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። እሱና አንጀት እስኪጣልላቸው ራሰ በራቸውን ሰብረው የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች።

ስለ ዋጋ ነበር የጀመርኩት። ጥሬውን ዓሣ በዳጣ በልተን ስንነሣ አማቼ ወደ ጎን ወሰደኝ። «መበላቱንስ ተበልተሃል፤ ግን በ4,500 ከሆነ ለእኔና ለልጄ ሁለት አስመጣልኝ» ብሎ 9,000 ብር ቆጥሮ ኪሴ ከተተው። አልመልስለት ነገር፣ ምን ብዬ? ብሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቢላዋው ወጥ ቤት ከሰል ይፈልጣል። ባለቤቴ «ወንድሜን ምነው አጉላላኸው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ለእሷም የነገርኳት 4,500 ነው።