በርጩማዋ በመያዣ

ሰውየው የደወለልኝ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። "ቲቸር፣ የፎቶ ጉዞ ይዘን ወደ ጅማ እየመጣን ነው። ገጠሩን የሚያዞረን፣ ኦሮምኛም የሚያስተረጉምልን ሰው ፈልገን ነበር።" ስልኬን የሰጠው የድሮ ተማሪዬ ነው። ሦስት ቀን ነው፤ ምሳ አለው፣ አበል አለው። በመምህር ደሞዝ የሚኖር ሰው እንዲህ ሲባል "ላስብበት" አይልም። እሺ አልኩ።

የፎቶ ጉዞ ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ሰዎች ከአዲስ አበባ ከፍለው፣ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስተው፣ ሌላ ሰው ሥራ ሲሠራ የሚያዩበት ጉዞ ነው።

አስራ አንድ ሆነው በኮስተር መጡ። ሌንስ የሚሉት ነገር የሁለት ሊትር ፔርሙዝ ያህላል። መሪያቸው ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሷል። ኪሶቹን ልቆጥር ሞክሬ አስራ ሁለት ላይ ጠፋብኝ። የመጀመሪያው ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሰብስቦን መመሪያ ሰጠ። ጄሪካን ፎቶ ውስጥ አይገባም። የፕላስቲክ ወንበር አይገባም። ስልክ የያዘ ሰው አይገባም። የሚፈለገው "ያልተበረዘው ገጠር" ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"የጅማ በርጩማ ይገኛል?"

"ሱቁ ሁሉ ሞልቷል።"

"አዲስ አይሆንም። ያገለገለ፣ ጭስ የጠጣ።"

ምን እንዳንቀዠቀዠኝ አላውቅም፣ "እኛ ቤት አለ" አልኩ።

በርጩማዋ የባለቤቴ ናት። ከእናቷ የወረሰቻት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች፣ ሦስት እግር ያላት፣ ምስማርም ሙጫም ያልነካት። ስንትና ስንት ዓመት ቡና ሲፈላ አጠገቡ የኖረ እንጨት ነውና መቀመጫዋ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ባለቤቴ በሁለት እጇ አቅፋ አስረከበችኝ። "እሷ ካልተመለሰች አንተም አትመለስ" አለች። ስትቀልድ አውቃታለሁ፤ አልቀለደችም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ገጠሩ ገጠር እንዲመስል በርጩማ ከከተማ ጭነን ወጣን።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ አንድ መንደር ደረስን። ፀሐይ ስትወጣ ያለውን ብርሃን "ወርቃማው ሰዓት" ይሉታል። ጥቅምት ከገባ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ቡናው በጥላ ዛፉ ሥር መቅላት ጀምሯል፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። እኔ ቁርስም አልበላሁ።

አንዲት እናት ደጃቸው ላይ እሸት ቡና እያሰጡ አገኘናቸው። ስልሳ አምስት ቢሆናቸው ነው። ግቢው ውስጥ ቢጫ ጄሪካን አለ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ደጁ ላይ ትንሽ ሶላር አለች። እንግዶቹ ሰላምታ ሰጥተው ጽዳት ጀመሩ። አንዱ ጄሪካኑን ጓሮ ወሰደ። አንዷ ወንበሮቹን ቤቱ ኋላ ደበቀች። ሌላው ሶላሯን በኮባ ሸፈናት። ከላይ ጉብኝት የሚመጣ ነበር የሚመስለው።

"ልጄ፣ ዕቃዬን የሚያነሱት ዕዳ አለብኝ እንዴ?" አሉኝ በኦሮምኛ።

"የለም እናቴ፣ ፎቶ ሊያነሱዎት ነው።"

"ፎቶ? ታዲያ ቆይ ልልበስ እንጂ!"

ገቡ። ሲወጡ ሌላ ሰው ናቸው። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ቀሚስ፣ ገና ከላስቲኩ የወጣ ሻሽ። ዓይናቸውን ተኩለዋል። ስልካቸውንም ይዘዋል፤ እንዲታይ ነው። መሪው ራሱን ያዘ። "ኧረ የቅድሙን ይልበሱ በላቸው!"

አልኳቸው። ብዙ አዩኝ። "በሥራ ልብስ ሰው ፎቶ ይነሳል?"

ምን ልመልስ? እኔም በልጅነቴ ጅማ ፎቶ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ግድግዳው ላይ ፏፏቴና ዳክዬ ተስሏል። ምስማር ላይ ጥቁር ኮት ተንጠልጥሏል። ያን ኮት ለብሶ ያልተነሳ የሰፈራችን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይስተካከላል። ጠረጴዛው ላይ ሽቦ የሌለው ስልክ አለ፣ ጆሮ ላይ ይደረጋል። አባቴ በዚያ ስልክ ከማን ጋር ያወሩ እንደነበር እስካሁን አልነገሩንም። ፎቶ አንሺው "አገጭ ዝቅ፣ ዓይን ወደዚህ" ይላል። ትከፍላለህ። ከሳምንት በኋላ ሄደህ ፎቶህን ትወስዳለህ። ፎቶ ማለት ኮት የሌለው ሰው ኮት የሚያገኝበት ነገር ነበር። ዘንድሮ ባለካሜራው ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ያለህን ያስወልቅሃል።

እናትየው ቀሚሳቸውን ቀይረው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። አስራ አንድ ካሜራ ተንጫጫ። "አይሳቁ በላቸው" አለኝ መሪው። አይሳቁ አልኳቸው። ይኼን ጊዜ ሳቃቸው መጣ። እስኪያልፍላቸው ጠበቅን፤ ወርቃማው ሰዓት ግን አልጠበቀንም።

ሲያበቃ "ስንት ነው?" አሉኝ።

"እርስዎ አይከፍሉም። እነሱ ናቸው የሚከፍሉዎት።"

የደነገጡት እዚህ ጋ ነው። "ፎቶ አንሺ ብር ተቀብሎ ፎቶ ይሰጣል። እነዚህ ብር ሰጥተው ፎቶ ይወስዳሉ። ፊቴን ምን ሊያደርጉት ነው?"

ተረጎምኩ። "ለጥበብ ነው በላቸው" አለ መሪው። "ደግሞ አሳትመን እንልክልዎታለን በላቸው።" አስተርጓሚ ለመሆን የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። "እንልካለን" የሚለው ቃል በአስተርጓሚ አፍ ሲያልፍ "እልካለሁ" ይሆናል።

እናትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ የዋሉ ሰው ናቸው። "መልካም" አሉ። "ፎቶዬ እስኪመጣ በርጩማዋ እዚህ ትቆይ።" ብድግ ብለው ይዘዋት ገቡ።

ለመሪው ነገርኩት። በሳቅ ሞተ። "ሲያስደስቱ! ይያዟት፣ ችግር የለም!" በሰው በርጩማ ቸር መሆን እንዴት ቀላል ነው።

ከሰዓት ጅሬን ወጣን። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ከዚህ ኮረብታ ላይ ሆነው ነው። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ ግዛታቸውን አተረፉ። ከፍሎ መትረፍ ጅማ የቆየ ብልሃት ነው። እኔም ቤተ መንግሥቱ ሰገነት ሥር ቆሜ በርጩማዋ በስንት ብር ትለቀቅ ይሆን እያልኩ ሳሰላ ነበር። እንግዶቹ ብዙም አልቆዩም። "ሰው የለበትም" አሉ።

ማታ እራት ላይ ወሬው ስለ ኦሞ ሸለቆ ሆነ። አንደኛው ሁለቴ ሄዷል። ሙርሲዎች ዘንድ ፎቶ በክፍያ ነው፤ ያውም በየፎቶው። የካሜራውን ድምፅ ሰምተው ይቆጥራሉ። የዚህ ሰው ካሜራ ደግሞ አንዴ ሲጫኑት አስር ያነሳል። "ቀጭ" አይልም፣ "ቀጭጭጭጭ" ነው የሚለው። ሒሳብ ላይ ተጣሉ። እሱ አንድ ነው ይላል፣ እነሱ አስር ነው ይላሉ። "ገንዘብ አበላሻቸው" አለን በሐዘን። የካሜራውን ዋጋ ቀደም ሲል ነግሮን ነበር፤ እኔ በዚያ ብር ባጃጅ እገዛ ነበር።

ሙርሲዎቹ እንግዳ ሲመጣ በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ቀንድና ጌጥ ሁሉ ራሳቸው ላይ እንደሚከምሩም እሱው አጫወተን። ሳስበው ያው የኛዋ እናት አረንጓዴ ቀሚስ ነው። የነሱ ግን ለባለካሜራው ዓይን ጣመ፣ የሷ አልጣመም።

ሁለተኛው ቀን የየም ነበር። ጉዞው በሙሉ የታቀደው ለዚህ ቀን ነው። የየም ብሔረሰብ ሰዎች በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ቦር ተራራ ወጥተው የመድኃኒት ዕፅ ይለቅማሉ፤ ሳሞ ኤታ ይባላል። መሪው ይኼን ሲያልም ነው የከረመው። በሰርቦ፣ በአሰንዳቦ አድርገን የአዲስ አበባን መንገድ ተመልሰን ሳጃ ድረስ ሄድን። ሲመጡም በዚያው ነው ያለፉት፤ ተኝተው ነበር።

አንድ መንደር ጠርዝ ላይ አንድ አባት አገኘን። "አባባ፣ ለሳሞ ኤታ ነው የመጣነው። ሰዉ የታለ?"

"ለሳሞ ኤታ? አስር ቀን ይቀረዋል እኮ። ዛሬ ጥቅምት 7 ነው።"

ዝም ሆነ። ስልኮች ከኪስ ወጡ። ስልኮቹ ሁሉ ኦክቶበር 17 ይላሉ። ይኼን ሁሉ ሐበሻ፣ በሐበሻ ምድር፣ የፈረንጅ ቀን ጉድ ሠራው። እኔስ ብትሉ፣ እኔ በበርጩማዋ ሐሳብ ቀኑ ጠፍቶኝ ነበር።

መሪው ቶሎ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። "ለካሜራ ያህል ትንሽ ቢለቅሙልን?" አለ።

"በቀኑ ያልተለቀመ መድኃኒት ቅጠል ነው።"

"ቅጠልም ቢሆን ይሁን።"

"ቅጠሉማ የፍየል ነው" አሉ አባት።

"እሺ ለቪዲዮ ይናገሩልን። ግን በቋንቋቸው፣ በየምሳ ቋንቋ ይሁን። አማርኛ እንዳይናገሩ ንገራቸው" አለኝ።

አባት አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። "አባባ፣ አማርኛ እንዳይናገሩ ይላል" አልኳቸው፣ በአማርኛ።

"ታዲያ እምቢ የምላችሁ በምንድነው?" አሉ።

መሪው ዞር ዞር ብሎ አየ። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አንዷ ጋቢ ደረበችልኝ። ደግሞ ሞቀኝ፤ ያ ነው ያዘናጋኝ። "እስኪ እዚያ ጋ ጎንበስ በል" አለኝ። ጎንበስ አልኩ። "ሰዓትህን አውልቅ።" አወለቅሁ። "ቅጠል ያዝ።" ያዝኩ።

"ኧረ እሱ ሳማ ነው!" ብለው ጮኹ አባት ከሩቅ።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ተኝተው ዋሉና ሄዱ።

ልክ ጥቅምት 17 ቀን መሪው ገጹ ላይ አወጣኝ። በዚህ ጊዜ ቀኑን አልሳተም። "የየም አባት መድኃኒት ሲለቅሙ" ይላል። ጥቁርና ነጭ ነው። የማላውቀው መጨማደድ ፊቴ ላይ አለ። "ዓይናቸው ውስጥ የዘመናት ጥበብ ይታያል" ብሎ የጻፈ ሰው አለ። ዓይኔ ውስጥ የሚታየው ሳማው ነው። በማግስቱ ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር አንዱ "አባባ፣ ለፊዚክስ የሚሆን ቅጠል አይኖርም?" አለኝ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነኝ።

እሱስ ያልፋል። የማያልፈው ሐሙስ ነው። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የገነነ ነው፤ እናትየውም አይቀሩም። ገበያቸውን ጨርሰው እኛ በር ላይ ይቆማሉ። "ፎቶዬስ?" ባለቤቴ ቡና ታፈላላቸዋለች። ሁለቱ ቁጭ ብለው ስለ በርጩማዋ ደኅንነት ይነጋገራሉ። እኔ ጓዳ ነኝ። ለመሪው ስደውል "ኤዲት ላይ ነው ቲቸር" ይለኛል። ኋላ "ከአገር ውጭ ነኝ" አለኝ። ከዚያ ማንሳቱንም ተወው።

በአምስተኛው ሐሙስ ባለቤቴ ቡናውን አቀረበችና ለራሷ የምትቀመጥበት አጣች። ቆማ ጠጣች። ቆማ ስትጠጣ እኔን ነበር የምታየው።

በነጋታው ከገጹ ላይ ስክሪንሹት አንስቼ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምኩ። ባጃጅ ተኮናትሬ ሄድኩ። እናትየው ፎቶውን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት።

"ይቺ ማናት?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ማን ሞቶብኝ ነው?" ትንሽ ቆዩና ጣታቸውን ፎቶው መሀል ላይ አደረጉ። "ይኼ ደረቴ ላይ የተጻፈውስ?"

"ያነሳው ሰው ስም ነው።"

"ከብት ነኝ እንዴ፣ ስም የሚተኮስብኝ?"

ፎቶውን መለሱልኝና ገቡ። በአረንጓዴው ቀሚስ ተመለሱ። የፕላስቲክ ወንበሩን ራሳቸው አውጥተው ተቀመጡ፤ የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አቆሙ። ጄሪካኑ ከኋላ አለ፣ ማንም አልነካውም። ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "በል አንሳ" አሉ። በስልኬ አነሳሁ። ሳቁ፤ አልከለከልኩም።

የፎቶ ቤቱ ልጅ ከኋላ ምን ይግባበት ሲለኝ ደውዬ ጠየቅኳቸው። "ፏፏቴ" አሉ። ገባበት። ዳክዬ አሁን የለም።

ፎቶውን ስወስድላቸው ብዙ አዩት። "እህ፣ ይቺ እኔ ነኝ" አሉ። በርጩማዋን ከቤት አወጡ። "ውሰዳት፣ ወገብ ታሳምማለች።" ከዚያ ከመቀነታቸው መቶ ብር ፈቱ። እምቢ ልል ስል "ፎቶ አንሺ ብር ይቀበላል" አሉኝ። ተቀበልኩ።

በርጩማዋን ባጃጁ ውስጥ አስገብቼ ዞር ስል አጥሩ ሥር ጎረቤቶች ቆመዋል። ሦስት ሴቶች አዲስ ሻሽ አስረዋል፤ አንደኛዋ ኩሉን ገና አልጨረሱም። አንድ አባት ደግሞ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። እጅጌው ጣታቸውን አልፏል። የማን ኮት እንደሆነ እንጃ።

ባለቤቴ እየጠበቀችኝ ነው። ስልኬን አወጣሁ።

"ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት?"