ቀላል ሞተር ነው አሉኝ

ኧረ እባካችሁ፣ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤልን ቀላል ሞተር ማለት ይቅር! ከነነዳጁ 144 ኪሎ ገደማ ነው። አሜሪካ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ባለ የኢንዱሮ ውድድር (ከአስፋልት ውጭ በሰዓት ቁጥጥር የሚደረግ የሞተር ሳይክል ውድድር) አሸዋ ላይ አራት ጊዜ ወድቆብኝ አራት ጊዜ አነሳሁት፣ ወገቤ እስካሁን አልተላቀቀም። እኔ ፍሬቻና ታርጋ ተሸክሜ፣ አብሮኝ በአንድ ምድብ የተሰለፈው ልጅ ግን ለውድድር ብቻ የተሠራ ኬቲኤም ይዟል፤ ከኔው ከ30 ኪሎ በላይ ይቀላል። ይሄ ምኑ ነው እኩል?

ሰዓቱ ደግሞ አለ። እንዲህ ባለ የኢንዱሮ ውድድር ከተመደበልህ ደቂቃ ቀድመህ መቆጣጠሪያ ጣቢያ መድረስም ያስቀጣል፣ ከመዘግየት ይብሳል እንጂ አያንስም። እኔ ደቂቃዬን ጠብቄ ገባሁ፤ የመቆጣጠሪያው ሰዓት ከመነሻው ሰዓት ጋር ስላልተናበበ ዳኞቹ ቀድመሃል ብለው ነጥብ ቆረጡብኝ። ሁለቱን ሰዓቶች አስተያዩ ብዬ ለመንኳቸው። የተጻፈ ተጽፏል አሉኝ፣ አለቀ።