አልብሰው የሚበሱ እጆች ይባረኩ

እንደ እኛ ዕቃ የሚያከብር ሕዝብ ካለ ይምጣና እንተያይ። ሶፋችን ልብስ አለው። ቴሌቪዥናችን ልብስ አለው። ሪሞቱ እንኳ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ታዲያ ዋይፋዩ ብቻ ራቁቱን ይቀመጥ? ነውር ነው።

ስለዚህ ይለብሳል። ከሥሩ ዳንቴል ይነጠፍለታል፣ ከላዩ ዳንቴል ይደረብለታል። አንቴናዎቹ በዳንቴሉ ቀዳዳ ብቅ ብለው እንግዳ ይቀበላሉ። ብቸኝነት እንዳይሰማውም ራሱ ከሚግለው ሪሲቨር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሁለቱም ቡፌው ውስጥ ይገቡና መስተዋቱ ይዘጋባቸዋል። አራስ እንኳ እንዲህ አትያዝም።

ጎኑና ሆዱ ላይ ያሉት ስንጥቆችስ? እነሱ ለጌጥ ናቸው። አንዳንድ ነገረኛ ቴክኒሻን "ማራገቢያ የለውም፣ የጋለው አየር በላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ከታች እንዲገባለት ነው" ይላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀትም አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለ ሙቀት ተጠቀሙበት ይላል። ወረቀቱን ያነበበ የለም እንጂ ካርቶኑማ ቁም ሳጥን ላይ በክብር ተቀምጧል። ቡፌው ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የለካም የለም። መለኪያ ምን ይሠራል፣ እጅ አለ አይደል።

"እማዬ፣ ዋይፋዩ ጋለ'ኮ!"

"ቢግል ምናለበት ልጄ፣ እየሠራ ነው ማለት ነው።"

"ዳንቴሉን ላንሳለት?"

"አቧራውን አንተ ነህ የምትጠርገው? ደሞ በዚህ ብርድ!"

እውነታቸውን ነው፤ አዲስ አበባ ብርድ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ ለመውጣት ሰነፍ ነው። ግን ይህን ማንሳት ከእናት ጋር ሙግት መግጠም ይሆናል። በሥርዓት ያደገ ልጅ አያደርገውም።

ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን ይዞራል። ወዲያው ምርመራ ይከፈታል። መጀመሪያ ጎረቤት ይጠረጠራል፤ ፓስዎርድ ይቀየራል። ቀጥሎ መስመሩ ይሰደባል። ከዚያ ዋይፋዩ ጠፍቶ ይበራና ለትንሽ ጊዜ ይሻለዋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ያማርራል፤ ከልቡ እፎይ የሚለው እሱ ብቻ ነው። ዳንቴሉን ግን የሚጠረጥር የለም። ቤተሰብ ነዋ።

በዚህ መሀል ነው የቤቱ ጀግና የሚነሣው። በየቤቱ አንድ አለ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይላሉ አባቶች። እሱ ግን ከክዳኑ ይጀምራል። ካቻቢቴ ያነሣል፣ "ከተነሣ ዋስትና የለም" የሚለውን ወረቀት በጥፍሩ ይልጣል፣ ምስማር ከሰል ላይ አግሎ ፕላስቲኩን ይበሳሳል። ሽታው ሦስተኛ ቤት ይደርሳል። ክዳኑን ሳያነሣ ስለሚበሳ አንዳንዴ ወደ አንቴናው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ አብሮ ይበሳዋል። ምን አለበት፣ አንቴናው ሁለት ነው። አንዱ ይበቃል።

ቀዳዳ ካለ ማራገቢያ ሊኖር ነው። ከሞተ ኮምፒውተር የተፈታ ፋን ይመጣል። 12 ቮልት ነው፤ የብዙ ዋይፋዮች አዳፕተርም 12 ቮልት ስለሆነ እዚያው ላይ ይቀጠላል። እዚህ ላይ ባላሽሟጥጥ ደስ ይለኛል፤ በትክክል ከተገጠመ ነገሩ ይሠራል። ከዩኤስቢ 5 ቮልት ቢሰጠውማ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ድምፁም አይረብሽም። ችግሩ ፋን አቧራ ይስባል። አቧራ ደግሞ በዚህ ቤት አይፈቀድም። ስለዚህ በማግስቱ ፋኑም ዳንቴል ይለብሳል። ልኩን የጠበቀ፣ በአዲስ ክር የተሠራ።

ፈረንጆቹም ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የወጣውን የሊንክሲስ ኩባንያ ደብሊው አር ቲ 54 ጂ የሚባል ዋይፋይ (ራውተር) ሶፍትዌሩን ቀየሩት፣ አንጎሉን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ አስሮጡት። ሲግልባቸው ሙቀት የሚበትን የአሉሚኒየም ክንፍና ፋን ገጠሙለት። ምስኪኖች! አንድ ዕቃ ለማጋል ያን ሁሉ ድካም። እኛ አንድ ኪሮሽ ይበቃናል።

በዋይፋዩ ሆድ ውስጥ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮችም አሉ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል ብለው ባለሙያዎቹ ያሰላሉ። ይጠር እንጂ። አዲስ የሚሸጠው ነጋዴም ልጆች አሉት።

አሁን አሁን ደግሞ ሙያ የሚያዋርድ ምክር የሚሰጡ ሰዎች መጥተዋል። ልብሱን አውልቁለት ይላሉ። ከቡፌው አውጡት፣ ከሪሲቨሩ ላይ አውርዱት። ከሥሩ አራት የሃይላንድ ክዳን አድርጉለት፣ አየር ይግባው። ወይም ጀርባው ላይ ማንጠልጠያ ቀዳዳ ካለው ግድግዳ ላይ ስቀሉት። አለቀ። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ካቻቢቴ የለው። እንዲህ ያለውን ጥገና ማን አይቶ "አይ የእጅ ሙያ!" ይላል? ገንዘብ እንኳ አያስወጣም፤ በምን ይወራለታል?

የእኔ ተስፋ ፍሪጁ ላይ ነው። እስካሁን አንዳንዶቻችን ዋይፋዩን ከላዩ ነበር የምናስቀምጠው። ቀጣዩ እርምጃ ውስጡ መክተት ነው። ቅዝቃዜ እንደ ልብ ነው፣ ዳንቴሉም አይነካም። ብረቱ ሲግናሉን ያፍነዋል ለሚሉ መልስ አለን፤ ኢንተርኔት የፈለገ በሩን ከፍቶ ይቁም። እግረ መንገዱን ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል።