ይቺ አይጥ አይደለችም

«ባለ ኪስ እንስሳት ያሉት አውስትራሊያ ብቻ ነው፣ ፎቶው ላይ ያለችው ተራ አይጥ ናት» ላልከው፣ ሁለቱም ስህተት ነው ወንድሜ። ይቺ ሞኒቶ ዴል ሞንቴ ትባላለች። የምትኖረው በደቡብ ቺሊና አጠገቡ ባለው የአርጀንቲና ክፍል፣ ዝናብ በማይለየው ቀዝቃዛ ጫካ ውስጥ ነው። 50 ግራም እንኳ አትሞላም። ግን ልጆቿን እንደ ካንጋሮ በኪሷ ነው የምታሳድገው።

ኦፖሰም የሚባሉትም ባለ ኪስ ናቸው፣ አሜሪካ አህጉር ላይ ሞልተዋል። የሚገርመው ሞኒቶ ከእነሱ ይልቅ ለአውስትራሊያዎቹ በዘር መቅረቧ ነው። ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ ድሮ የተያያዘ መሬት ነበሩ፤ የዘመዶቿ ቅሪተ አካልም አንታርክቲካ ላይ ተገኝቷል (አዎ፣ ያ ሁሉ በረዶ ያለበት ቦታ)።

ጎጆዋን የምትሠራው ውሃ በማያስገባ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ክረምት ሲመጣ ጅራቷ ሥር ያጠራቀመችውን ስብ እየተጠቀመች ረጅም እንቅልፍ ትተኛለች። ደግሞ ጫካው ያለ እሷ ይጎድላል፦ እዚያ ዛፍ ላይ የሚበቅል አንድ ተቀጽላ አለ፣ ፍሬውን እሷ ትውጣለች፣ ዘሩ ከኩሷ ጋር ወጥቶ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል።

አንዳንድ የአካባቢው ሰዎች ቤት ከገባች መጥፎ ዕድል ታመጣለች ይሉ ነበር። እሱም ወሬ ነው። ምስኪኗ የምትፈልገው ነፍሳትና ፍራፍሬ ነው። የሚያሰጋት ይልቅ የጫካው መመንጠር ነው።