ለልጅዎ ሸርጣን አይግዙ

ሰመር በመጣ ቁጥር በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖረው ሐበሻ ልጆቹን ይዞ ወደ ኦሽን ሲቲ ይወርዳል። በባሕሩ ዳር ሱቆች የእግር ኳስ ወይም የካርቱን ሥዕል የተቀባ ዛጎል የተሸከሙ ትንንሽ ሸርጣኖች በሽቦ ቤት ታጉረው ይሸጣሉ። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ «ምንም አያስቸግርም» ይባልላቸዋል። ልጅ እያለቀሰ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ ግን እምቢ በሉ ባይ ነኝ።

ኸርሚት ክራብ የሚባለው ይህ ባሕታዊ ሸርጣን ከ800 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ባሕር ውስጥ ይኖራሉ፤ የብስ ላይ የሚኖሩት ሃያ አይሞሉም። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ከደቡብ ፍሎሪዳ እስከ ቬንዙዌላ ባሉት ሞቃት ዳርቻዎች የሚገኘው የካሪቢያኑ ዝርያ ነው። ለገበያ የሚያራባው የለም ማለት ይቻላል። ሴቷ እንቁላሏን ባሕር ውስጥ ትጥላለች፤ እጮቹ በጨው ውሃ እየተንሳፈፉ መልካቸውን ደጋግመው ከቀየሩ በኋላ ነው ትንሽዬ ዛጎል ፈልገው ወደ የብስ የሚወጡት። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያለው ከዳርቻ የተለቀመ ነው።

የብስ ላይ ወጥቶም ከእርጥበት አይላቀቅም። የሚተነፍስበት አካል ከደረቀ ቀስ በቀስ ታፍኖ ይሞታል። ሲያድግ ቅርፊቱን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው፤ ሳምንታት፣ ትልቅ ከሆነም ወራት ይፈጅበታል። የሽቦ ቤትና እፍኝ ጠጠር ይህን አይሰጡትም። በተፈጥሮ ቦታው 30 ዓመት ሊኖር የሚችል እንስሳ ሳሎን ውስጥ በወራት ሲሞት «ዕድሜው አጭር ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ዛጎሉም ከሞተ ቀንድ አውጣ የተወረሰ ነው፤ ሰውነቱ ሲያድግ ይጠበዋል። አንድ ትልቅ ባዶ ዛጎል ሲገኝ ሸርጣኖቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ይሰለፋሉ። ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ተከታዩ የእሱን ይወስዳል፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። (ከኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሻለ ሥርዓት ያለው ወረፋ ነው።) በኮስታ ሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ የተጠኑትማ የዛጎሉን ውስጥ ፍቀው ያሰፉታል፤ የሰፋው ዛጎልም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሳጥን ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሸርጣን ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

«ፕላስቲክ ከሚፈጀው አንጻር የአንድ ልጅ ሸርጣን ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ ኮኮስ ደሴቶችና በፓሲፊኳ ሄንደርሰን ደሴት ወደ 570 ሺህ የሚሆኑ ሸርጣኖች የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብተው መውጣት አቅቷቸው እንደሞቱ ገምቷል። የሞተው ሽታ «ባዶ ዛጎል አለ» ብሎ ሌሎቹን ይጠራልና አንዱ ጠርሙስ ብዙ ይገድላል። ያን ቆሻሻ ማንሳት የመንግሥታት ሥራ ነው። ሱቅ ውስጥ እጅን መሰብሰብ ግን የወላጅ ነው። ጃፓን የየብስ ባሕታዊ ሸርጣኖችን ከ1970 ጀምሮ በሕግ ትጠብቃለች፤ በ2025 አማሚ ደሴት ላይ 160 ኪሎ ገደማ ሸርጣን ይዘው የተገኙ 3 ሰዎች ታስረዋል።

ሸርጣኑ ቀድሞ ቤት ከገባ ግን ጥልቅ እርጥብ አሸዋ፣ ጨዋማና ጨው አልባ ውሃ፣ ያልተቀቡ ትርፍ ዛጎሎችና ጓደኛ ይፈልጋል። ከዳርቻ ዛጎል ለማስታወሻ መልቀሙም ይቅር።