ምልክቱን ሳይጠይቁ ዘረ መሉን መፈለግ

በጥር 2025 «ሴል» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ29 አገሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ ከድባቴ ጋር የተያያዙ 697 የዘረ መል ልዩነቶችን ለይቷል። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ድባቴ ያለባቸው ተብለው የተመዘገቡት 688 ሺህ ያህል ናቸው። ግዙፍ ሥራ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ ሰዎች ድባቴ እንዳለባቸው በምን ታወቀ?

መልሱ እንደ መረጃው ምንጭ ይለያያል። ግማሽ ሚሊዮን ያህል በጎ ፈቃደኞችን የመዘገበው የብሪታኒያው ዩኬ ባዮባንክ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ በነርቭ፣ በጭንቀት፣ በውጥረት ወይም በድባቴ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። በአንዳንድ ጥናቶች «አዎ» ብሎ መመለስ ብቻውን ሰውን ከታማሚዎቹ ወገን ለማስቆጠር በቅቷል። በ2020 ተመራማሪዋ ና ካይ ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት እንዲህ ባለ ላላ ያለ ጥያቄ የሚገኙት የዘረ መል ምልክቶች የድባቴ ብቻ እንዳልሆኑ፣ ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችና ባሕርያትም እንደሚጋሯቸው አሳይታለች። በሌላ አነጋገር ጥናቱ የሚያገኘው በጥቅሉ ሐኪም ዘንድ የሚሄደውን ሰው ነው።

በቻይና የተደረገ ሌላ የድባቴ የዘረ መል ጥናት የተለየ መንገድ ሄደ። ተመራማሪዎቹ በቃለ መጠይቅ አጣርተው የለዩት ከባድና ተደጋጋሚ ድባቴ ያለባቸውን የሃን ብሔር ሴቶች ብቻ ነበር፤ 5,303 ታማሚዎችንና ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸው ጤነኞችን አነጻጸሩ። በ2015 ውጤቱ ሲታተም በ10ኛው ክሮሞዞም (ዘረ መሎች ከተሰደሩባቸው ክሮች አንዱ) ላይ ከድባቴ ጋር የተያያዙ 2 ቦታዎችን ለይተዋል። ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ከ9 ሺህ በላይ ታማሚዎችን የያዘው ዓለም አቀፍ ጥናት አንድም አስተማማኝ ቦታ ሳያገኝ ቀርቶ ነበር። ብዛት ይጠቅማል፤ ማንን እንደሚቆጥሩ ማወቅ ግን ይቀድማል።

ችግሩ ከሕመሙ አበያየንም ይመነጫል። በአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ መሠረት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት ከታዩ፣ ከእነዚያም አንዱ የስሜት መውደቅ ወይም የፍላጎት መጥፋት ከሆነ፣ ሰውየው ድባቴ አለበት ይባላል። ስለዚህ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር፣ ምግብ የማይቀምስና ክብደቱ የሚቀንስ ሰው፣ እንዲሁም ከአልጋ የማይነሳ፣ ያለ ልክ የሚበላና የሚወፍር ሰው በአንድ ስም ይጠራሉ። በ2015 በአሜሪካ የ3,703 ታማሚዎችን መዝገብ የመረመሩ ሰዎች ከ1,000 በላይ የተለያዩ የምልክት ቅንብሮች አግኝተዋል።

ዘረ መል ለሐኪሙ የሚነግረው ነገር ካለ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ይመስለኛል። ሚላኔስኪ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በድባቴ ወቅት የምግብ ፍላጎታቸውና ክብደታቸው የሚጨምር ታማሚዎች ከውፍረትና ከሰውነት ብግነት ጋር የተያያዙ የዘረ መል ልዩነቶችን እንደሚጋሩ አሳይተዋል። ፍላጎታቸው በሚቀንሰው ላይ ይህ አልታየም። ሁለቱን ስንደባልቅ የዘረ መሉ ምልክት ይጠፋል።

የምንደባልቃቸው ደግሞ ራሳችን ነን። በኢትዮጵያም የተፈተሸውና በዓለም በስፋት የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ የምግብ ፍላጎት ማጣትንና ከመጠን በላይ መብላትን በአንድ መስመር ይጠይቃል። እንቅልፍ ማጣትንና እንቅልፍ ማብዛትንም እንዲሁ። ከዚያ መልሱ ተደምሮ አንድ ቁጥር ይሆናል። ለፈጣን ልየታ ይህ በቂ ነው፤ ለዘረ መል ጥናት ግን ዋናውን ነገር ገና ከመነሻው ያጠፋዋል።

በአገራችን ስለ ዘረ መል ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው የጋብቻ ጉዳይ ነው፤ «በቤታቸው የአእምሮ ሕመም አለ» የሚል ወሬ ስንት ሽማግሌ እንዳስመለሰ ሁሉም ያውቃል። የመንትዮች ጥናቶች በድባቴ ላይ የውርስን ድርሻ 37 በመቶ ያህል ያደርጉታል፤ ይህም በሕዝብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚገልጽ ቁጥር እንጂ የአንድ ልጅ ዕጣ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የ5 ሚሊዮኑ ጥናት ያገኛቸው ልዩነቶች ሁሉ ተደምረው እንኳ፣ ያውም በአውሮፓውያን ዘንድ፣ የሚያስረዱት ከዚህ ልዩነት 6 በመቶ የማይበልጠውን ነው። በዚህ ተመርኩዞ ሙሽራ የሚከለክል ሰው ሳይንስን ምክንያት አያድርግ።

በአንጻሩ በእርግጥ የሚጠቅመንን ዘረ መል ችላ ብለነዋል። በጉበት ውስጥ መድኃኒትን የሚፈጭ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም አለ። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ መል ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው ታይቷል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ የድባቴ መድኃኒት እንዲህ ባለው ሰው ውስጥ ቶሎ ተፈጭቶ ሊያልቅ ይችላል። ታማሚው በትክክል እየዋጠ «አልዋጥክም» ሊባል ነው ማለት ነው። ዘረ መሉ ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን ደግሞ የእሌኒ ቡድን በ2002 አሳይቷል፤ ተመሳሳይ ዘረ መል ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል በአገራቸው የሚኖሩት ኢንዛይማቸው ስዊድን ካሉት ይልቅ ዝግ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ የአውሮፓን የመድኃኒት መጠንም ሆነ የዘረ መል ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ አይበቃንም።

ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ኒውሮጋፕ በተባለው የዘረ መል ጥናት ተሳትፋለች፤ ያ ግን የሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ጥናት ነው። ለድባቴ ተመሳሳይ ሥራ ሲታሰብ የደም ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ቅጹ ይስተካከል። ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ የሚጠይቁት ሁለት መስመሮች አራት ይሁኑ፤ የኛ ታማሚ ከሐዘን አስቀድሞ የሚናገረው የጭንቅላት ማቃጠልና የሰውነት መቆረጣጠም የራሱ ቦታ ይኑረው፤ የወሰደው መድኃኒት ስምና መጠንም ከመልሱ ጎን ይጻፍ። ድምሩን ኮምፒውተር በኋላ ይሠራዋል።